የሚጠብቀው ባቡር የት ይቆማል?

አባቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግቼ፣ እንዳይጠቀለል አራቱን ማዕዘን በመጻሕፍትና በስኳር ዕቃ አስይዤዋለሁ፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ነው። መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ወለወለ፤ መልሶ አደረገው፤ ከዚያ በከዘራው ጫፍ በእርሳስ ያሰመርኩትን የአሻንጉሊት ባቡር ሐዲድ ተከትሎ አንድ ዙር ዞረ። ከዘራው ከተነሣበት ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ሌላውስ?» አለኝ።

«የቱ ሌላ፣ አባባ?»

«ሌላው ባቡር ነዋ! ይሄኛው እስኪያልፍ የሚጠብቀው የት ይቆማል?»

ሳቅኩ። «ባቡሩ አንድ ነው» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው ጥቂት ጊዜ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ቆየና፣ «አንድ ባቡር ብቻ ካለማ ጣቢያ ምን ያደርጋል?» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ።

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ ፍራንክፈርት ቤቴ ውስጥ ነው። አባቴ ለሦስት ወር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር፤ አሁን አገሩ ተመልሷል። ጥያቄው ግን አብሮት አልተሳፈረም።

## አልሸሹም ዞር አሉ

ነገሩ የጀመረው ልጄ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ነው። ክፍሉን ሳጸዳ ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ካርቶን አገኘሁ፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው የገዛሁለት ባቡር። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ሲገጣጠም ክብ የሚሠራ ሐዲድ። ሁለት ሳምንት ተጫውቶበት ትቶታል፤ እኔም አልፈረድኩበትም። አልሸሹም ዞር አሉ ነውና ባቡሩ የትም ሳይደርስ ሲዞር ይውላል። ያን ቀን ግን ሐዲዱን ገጣጥሜ አነዳሁት። የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ጠዋት ገብቼ መተኛት ሲገባኝ በሆዴ ተኝቼ፣ ጉንጬን ከወለሉ አስጠግቼ ባቡር ሳይ ረፈደ። ከዚያ ዝቅታ ሲታይ ባቡሩ አሻንጉሊት አይደለም። ሲመጣ ይመጣል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላደገ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልግም። በሳምንቱ ድሬዳዋን እሠራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ጣቢያውን፣ የጥገና ወርክሾፑን፣ የከዚራን ዛፎች፣ ደረቁን የደቻቱ ወንዝ፣ ማዶ መጋላን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ዕዳ የለብኝ፣ ባል የለኝ፣ ልጅ ከቤት ወጥቷል፤ ተመስገን ብዬ መተኛት ስችል የራሴን ችግር በገዛ ገንዘቤ ገዛሁ።

ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ጡረተኛ ጀርመናዊ አሉ። ምድር ቤታቸው ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠሩት የባቡር መንደር አለ፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ አየር ሁኔታ ብቻ የምናወራ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወዳጆች ሆንን። መጀመሪያ የሰጡኝ ምክር አንድ ቁራጭ ሐዲድ እንኳ ከመግዛቴ በፊት ወረቀት እንድገዛ ነበር፤ የማሸጊያ ወረቀት፣ በጥቅል የሚሸጠውን። በትንሽ ወረቀት ላይ የሚሣል ንድፍ ይዋሻል አሉኝ። እርሳሱ ከሐዲዱ ስለሚቀጥን፣ እጅ ሳያውቀው ቦታ ይሰርቃል። ስለዚህ ንድፉ በልኩ ይሣላል፤ ሴንቲ ሜትሩ በሴንቲ ሜትር። ኩርባው በእርሳስና በሲባጎ ይሠራል፤ ሲባጎው አንድ ጫፉ ሚስማር ላይ፣ አንዱ እርሳስ ላይ። ባቡሩ ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚሻገርባቸው ማስቀየሪያዎች ደግሞ በልካቸው ከወረቀት ተቆርጠው ይቀመጣሉ። ከሁለት ሜትር ሐዲድ ይልቅ አንድ ማስቀየሪያ ብዙ ያጣላል።

## በ87 ሲካፈል

እዚህ አገር አብዛኛው ሰው የሚሠራበት መጠን 1 ለ87 ነው። እኔም እሱን ያዝኩና ማካፈል ጀመርኩ። አዲስ አበባን ከጅቡቲ ያገናኝ የነበረው አሮጌው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነው። በ87 ሲካፈል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቤቴ እስከምሠራበት ሆስፒታል ደርሶ ለመመለስ ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው። እንዴት እንዳስደሰተኝ! በየቀኑ በትራም ከጅቡቲ አዲስ አበባ እየደረስኩ ኖሯል።

ማባዛቱ ግን እንደ ማካፈሉ አላስደሰተኝም። የልጄ ክፍል 3.80 ሜትር በ2.40 ነው። ረጅሙ ግድግዳ በ87 ሲባዛ 331 ሜትር ነው። የድሬዳዋን ግቢ ከጣቢያው ሕንፃ እስከ ወርክሾፑ ጫፍ 800 ሜትር ነው ብለን ብንነሣ እንኳ ከዘጠኝ ሜትር በላይ ጠረጴዛ ይፈልጋል። እንግዲህ መቁረጥ ግድ ነው። ወርክሾፑን ግማሽ አደረግሁት። ደቻቱን አጠበብኩት። ከዚራ ሦስት መንገድና አሥራ አንድ ዛፍ ቀረላት። መጋላ ግድግዳ ላይ የሚሣል ሥዕል ሆነች። ከተማ ስታሳንስ መጀመሪያ የምትቆርጠው ነገር ማን እንደሆንክ ይናገራል፤ እኔ ትምህርት ቤቴን ከሁሉ አስቀድሜ ቆረጥኩ።

ከዚያ የሐዲዱ ስፋት መጣ። የልጄ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ስፋት ነው። ቁም ሣጥን ሥር ተኝቶ የኖረው ካርቶን ለአዲሱ ባቡር ልክ ነበር ማለት ነው፤ የእኔው ግን አሮጌው ነው፣ አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋው። አንድ ሜትር በ87 ሲካፈል አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ገበያው 12 ብሎ ይሸጠዋል። እንዲህ ያለው ሐዲድና ፉርጎ በቀላሉ የሚገኘው የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች ለሚሠሩ ሰዎች ተብሎ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ አልነበር? እኔም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ቀይ የስዊዘርላንድ ፉርጎ ገዝቼ ቡናማ ቀለም ስቀባው፣ ታሪኩን ሳላዛባ ቀጠልኩ ማለት ነው።

ሐዲዱ በፖስታ ሲመጣ አባቴ ፍራንክፈርት ደርሶ ነበር። አንዱን ዘንግ አንሥቶ በጥፍሩ አግዳሚዎቹን ነካ ነካ አደረገና «እንጨት አስመስለውታል፤ የእኛ ብረት ነበር» አለ። እውነቱን ነው። እነሱንም በዝገት ቀለም መቀባት ተጨመረብኝ።

በአምስት ወር ውስጥ ስድስት ንድፍ ሠራሁ። በአንዱ ላይ አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ ያልፍ ነበር፤ ጎረቤቴ እርሳስ አውጥተው አሳዩኝ። ከታች ባቡር እንዲያልፍ ቢያንስ ስምንት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፤ ትንሹ ሎኮሞቲቭ ሳይቸገር የሚወጣው ዳገት በመቶ ሦስት ነው፤ ስለዚህ ለመውጣት ብቻ 2.70 ሜትር ሐዲድ፣ ለመውረድም ያንኑ ያህል። ድልድዩ ቀረ። በሌላው ላይ ከግድግዳው በኩል ያለው ሐዲድ ከክንዴ ርቆ ነበር። ክንዴ ሰባ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ባቡር ደግሞ የሚወድቀው ሁልጊዜ ክንድ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። በስድስተኛው ንድፍ ጠረጴዛውን 1.10 ሜትር አስፍቼ ከግድግዳው አላቀቅሁት። የሞላላ ዙር፣ በፊት ለፊት ድሬዳዋ፣ በጀርባ በረሃ። አምሮ ነበር። ሳሎን የዘረጋሁት እሱን ነው።

## ሳንቲሞቹ

ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ክፍሎቹ ጸጥ ብለው የመድኃኒት ሰዓት እስኪደርስ ስጠብቅ፣ «አንድ ባቡር ብቻ ካለማ ጣቢያ ምን ያደርጋል?» ያለው ጆሮዬ ላይ መጣ። መጀመሪያ ተናደድኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ይላሉ፤ እኔ ስለ ሚሊ ሜትር፣ ስለ ዳገት፣ ስለ ክንድ ርዝመት ሁሉን ዐውቄያለሁ። ዕድሜውን የጣቢያ ሹም ሆኖ የኖረ አባት ግን ቤቴ ተቀምጦ እያለ የተጠየቀው «ሻይ ልጨምርልህ?» ብቻ ነበር።

ጠዋት ስገባ ቁርሱን በልቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። ካፖርቴን ሳላወልቅ «የት እንደሚቆም አሳየኝ» አልኩት።

«እርሳስ ስጪኝ እስኪ።»

የሐኪም ቀጠሮ ደብዳቤ ጀርባ ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረ። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከእሱ ጎን አንድ አጠር ያለ መስመር ሠርቶ በሁለት ጫፉ ከረጅሙ ጋር አገናኘው። ሦስተኛ ጨመረ፤ በአንድ ጫፉ ብቻ የተያያዘ፣ ሌላው ጫፉ ድፍን። «በቃ» አለ። «ትንሽ ጣቢያ ማለት ይሄው ነው። ሌላው ጌጥ ነው።»

ከዚያ ከኪሱ ሳንቲም አወጣ። ሁለት ዩሮዋ የጭነት ባቡር ሆነች፤ ቡናና ቆዳ ጭና ወደ ጅቡቲ የምትወርድ። አሥር ሳንቲሟ ሊቶሪና ናት፤ መንገደኛ ይዛ ከድሬዳዋ ወደ ላይ የምትወጣ። ጣቢያው ኤረር ነው፤ ሐዲዱ አንድ ነው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት እየመጡ ነው።

«ጭነቱ ደረሰ» አለና ሁለት ዩሮዋን እስከ ጣቢያው አመጣት። «በድሬዳዋ በኩል ላለው ጣቢያ፣ ለሁርሶ እደውላለሁ። ‹መስመሩ ነጻ ነው ወይ?› እላለሁ። ‹አይደለም፣ ሊቶሪናዋን ልለቅብህ ነው› ይለኛል። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ?»

«ጭነቱን ታስቆማለህ።»

«ጭነቱን ወደ ጎን አስገብቼ አስቆማለሁ።» ሳንቲሟን በጣቱ ገፍቶ ወደ አጭሩ መስመር አስገባት። ከዚያ እጁን ከወረቀቱ አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ውጭ ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና መጥቶ ሄደ። አሥር ሳንቲሟ ከጠረጴዛው ጫፍ እንደተቀመጠች ናት። ረስቶት ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት፤ አልረሳም። ወረቀቱን ሳይሆን ከወረቀቱ ማዶ ያለውን ግድግዳ ያያል።

«አሁንስ?» አልኩ።

«ገና ናት። ሁርሶን አላለፈችም።»

እንደገና ዝም። ሁለት ደቂቃ ይሆናል፣ ምናልባት ሦስት። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ላደረ ሰው ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው። በመሃል፣ ማንንም ሳያይ፣ ማውራት ጀመረ። ነጂው ወርዶ ፊቱን ይታጠባል። ፍሬን ያዡ ፉርጎው ሥር ያለችውን ጥላ አግኝቶ ይተኛል፤ ጥላዋ ከፀሐይዋ ጋር ስለምትሄድ እሱም ተኝቶ እየተንፏቀቀ ይከተላታል። ብርቱካን የሚሸጡ ልጆች ይመጣሉ፤ የጭነት ባቡር እንደሆነና የሚገዛ እንደሌለ ያውቃሉ፣ ግን ይመጣሉ። ፍየሎች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ጣ! ያሰኘዋል። ነጂው በየሩብ ሰዓቱ መስኮቱ ጋ እየመጣ «ሼፍ፣ ምን ይላሉ?» ይለዋል። ስልኩ ሲጮህ ሁሉም ቀና ይላል፤ ፍየሎቹም ጭምር።

«አንዳንዴ ስንት ሰዓት ትጠብቁ ነበር?»

«አቦ! ሰዓት ትያለሽ?» አለ። ድሬዳዋ ከአንደበቱ አትወጣም። «ጭነት ያድራል።»

ከዚያ አሥር ሳንቲሟን አነሣ፤ በረጅሙ መስመር ላይ ከዳር እስከ ዳር ሸርተት አደረጋት። ምራቅ እስክውጥ ጊዜ አልሰጠኝም። «አለፈች» አለ፤ በአየር ላይም በማይታይ መዝገብ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ሰዓቱን መሆኑ ነው። ሁለት ዩሮዋን ከጎን አውጥቶ በመንገዷ ለቀቃት። «አየሽ፣ ባቡሯ ለማለፍ ይህን ያህል ነው የሚፈጅባት። ጣቢያ የሚሠራው ለቀረው ጊዜ ነው።»

ሌላ ምንም አላለም፤ ሳንቲሞቹን ወደ ኪሱ መለሰ። እኔ ግን ካፖርቴን እንደለበስኩ ቆየሁ።

እኛ የኖርነው ለትምህርታችን ሲባል ድሬዳዋ ነው፤ እሱ ኤረር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ከእናቴ ጋር ጣቢያ ሄደን እንጠብቀዋለን፤ የማስታውሰው ግን መጠበቁን አይደለም፤ ጭሱን፣ ፊሽካውን፣ መስኮት ላይ የተደረደሩ ፊቶችን፣ እሱ ብርቱካን በከረጢት ይዞ ሲወርድ ነው። ያልመጣባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ፤ የሆነ ባቡር የሆነ ቦታ ዘግይቶ። እነሱን ከነጭራሹ ከአእምሮዬ ፍቄያቸዋለሁ። እኔ ባቡር የማውቀው በሚደርስበት በኩል ነው። ስለዚህ ስድስቱም ንድፎቼ ላይ ባቡሩ ይደርሳል፣ ይደርሳል፣ ይደርሳል፤ የሚቆምበት የለውም። ጎረቤቴ ያረሟቸው የሐዲዱን ስህተቶች ነበሩ። ይህኛውን ሊያርሙልኝ አይችሉም ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለም? እኔ ያፈሰስኩት ወረቀት ስለሆነ ለመልቀም አልከበደኝም። ሰባተኛውን ጥቅል ገዛሁ።

## የጥላ ጣቢያ

አዲሱ ንድፍ ትንሽ ነው፤ ኤረር ነው። ረጅሙ ግድግዳ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ መደርደሪያ፣ ሁሉም ነገር ከክንዴ የማይርቅ። ስሌቱ የጀመረው ከሚጠብቀው ባቡር ነው፤ ከዚህ በፊት ከዛፍና ከሕንፃ ነበር የምጀምረው። አንድ ሎኮሞቲቭ 17 ሴንቲ ሜትር፣ እያንዳንዳቸው 14 የሚሆኑ ስድስት ፉርጎዎች፤ ተደምሮ አንድ ሜትር ገደማ። ይህ ባቡር በጎን ሐዲድ ላይ ቆሞ ለሚያልፈው መንገድ እንዳይዘጋ፣ ለመጠባበቂያም ትንሽ ተጨምሮ፣ 1.40 ሜትር። በሁለቱ ጫፍ ሃያ ሃያ ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ማስቀየሪያዎች። 1.80 ደረሰ። የግድግዳው ግማሽ ማለት ይቻላል ለቆመ ባቡር ዋለ። ከዚህ በፊት ቢሆን ብክነት እለው ነበር።

ባቡሮቹ ግን ከየት ይመጣሉ፣ ወዴትስ ይሄዳሉ? ጎረቤቴ ጀርመኖች ለዚህ ያላቸውን ቃል ነገሩኝ፤ በቀጥታ ሲመለስ «የጥላ ጣቢያ» ይሆናል። ከተመልካች የተሰወረ፣ ከሰሌዳ ወይም ከተራራ በስተጀርባ ያለ፣ ባቡሮች ተራቸውን የሚጠብቁበት ሐዲድ ነው። ከሚታየው ጣቢያ ይልቅ እሱ በደንብ መታሰብ አለበት፤ ችግር ቢፈጠር አይታይምና። በሁለቱ አጭር ግድግዳዎች ላይ አንድ አንድ የጥላ ጣቢያ ሠራሁ። በግራ በኩል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አዋሽም፣ ናዝሬትም፣ ሞጆም እዚያው ታጭቀዋል። በቀኝ በኩል ያለው ድሬዳዋ ነው። የክፍሉ በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት የድሬዳዋው 1.60 ሜትር ላይ ተቆረጠ።

ድሬዳዋን ከሰሌዳ ጀርባ መክተት ቀላል አልነበረም። ሐዲዱ ወደ ሐረር ከፍታ መውጣቱን ትቶ እታች ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ባቡር እየሠሩ እሷን መደበቅ ክህደት መሰለኝ። ለሁለት ቀን ንድፉን ሳልነካ ቆየሁ። ከዚያ ለአባቴ ነገርኩት፤ ያዝናል ብዬ። «ታዲያ ከኤረር ድሬዳዋ ትታያለች እንዴ?» አለኝ።

ኩርባዎቹን በተመለከተ ግን የወሰነው እሱ ነው። ግድግዳው ጥግ ላይ ሐዲዱ በ45 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ይታጠፋል፤ በእውነተኛው ዓለም 39 ሜትር መሆኑ ነው፣ የከተማ ትራም የሚዞርበት ዓይነት። አንደኛውን ጥግ ክፍት ትቼ ባቡሩ ሲታጠፍ እንዲታይ አስቤ ነበር፤ ረጅም ባቡር ኩርባ ላይ ሲተጣጠፍ ያምራል። አባቴ ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ ቆየ። «ይሄን ሸፍኚው» አለ። ለምን አላልኩም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከድልድይ ወደ ገደል ሲወርድ ከአራት መቶ በላይ ሰው አልቋል። እሱ በዚያ ሳምንት ኤረር ነበር፤ ቤት ከመጣ በኋላም ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሁለቱም ኩርባዎች ከሰሌዳው ጀርባ ናቸው። የሚታየው ሐዲድ በሙሉ ቀጥ ያለ ነው።

## ወንበሩ

የመጨረሻው ጥያቄ ከፍታው ነበር። ብዙ ሰው መደርደሪያውን ወገብ ላይ ያደርገዋል፤ ለመሥራት ይመቻል፣ የሚታየው ግን ጣሪያ ብቻ ነው፤ እንደ አሞራ። እኔ ጉንጬን ከወለል አስጠግቼ ያየሁትን አልረሳሁም። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ ከወለሉ እስከ ዓይኑ ለካሁት፤ 1.17። መደርደሪያውን 1.05 ላይ አደረግሁት። ከዚያ ከወፍራም ወረቀት የቆረጥኩትን የጣቢያ ሕንፃ ከግድግዳው በኩል፣ ከሐዲዱ ማዶ አስቀመጥኩ፤ ፊቱ ወደ እኛ፤ እንደ ፎቶግራፍ።

ተቀምጦ አየው። አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገ። የሆነ ነገር እንዳልተመቸው ያስታውቃል።

«ምን ሆነ?»

«ቢሮዬን ከማዶ ሆኜ አይቼው አላውቅም። እኔ ሁልጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቆመው።»

ሕንፃውን አንሥቼ ከሐዲዱ ወዲህ፣ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ደግሞ ባቡሩን ከለለው። ትንሽ አሰብኩና ወረቀቱን አጣጥፌ ጣልኩት። ሕንፃ የለም። ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ አንድ ደረጃና ደወሉ የሚንጠለጠልበት ብረት ብቻ ይኖራሉ፤ ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ነው። ጎረቤቴ መጥተው ሲያዩ ጣቢያው የት አለ ብለው ጠየቁኝ። የተቀመጡበት ነው አልኳቸው። ጀርመንኛዬ የተበላሸ መስሏቸው ደግመው ጠየቁኝ።

አባቴ ኅዳር ላይ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሐዲዱን አንጥፈን፣ ሽቦውን አያይዘን፣ ቡናማ የተቀባውን ጭነት ከአዲስ አበባው የጥላ ጣቢያ አውጥተን ኤረር አደረስነው። በጎን ሐዲድ ገብቶ ቆመ። ሊቶሪናዋ ገና አልተገዛችም፤ የምትመስል አግኝቼ ዋጋዋን ሳይ መልሼ አስቀመጥኳት። ምናልባት ለፋሲካ።

እሑድ እሑድ ይደውላል። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቅና በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አለፈች?» ይለኛል።

«አላለፈችም» እለዋለሁ። «ሁርሶ ናት።»

«እሺ» ይላል። «አስቁሚው እንግዲህ።»